«ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ተዪው

እህቴ፣ ለጎንደርና ለስሜን ጉዞዎችሽ ድረ ገጽ ጀምረሽ «ስለ እኛ» ላይ መቆምሽን፣ ማታ የጻፍሽውን ጠዋት እንደምታጠፊው ነግረሽናል። እኔም በዚያው ሥራ፣ እዚያው ገጽ ላይ ከርሜበታለሁና ስሚኝ።

አንደኛ፣ ያንን ገጽ ለጊዜው ተዪው። ራሳችንን ማወደስ ማን አስተምሮን? በአማርኛም ያሳፍራል፣ እንኳን በእንግሊዝኛ።

ሁለተኛ፣ እንግዶች የላኩልሽን መልእክቶች ክፈቺና ጥያቄዎቹን ብቻ ገልብጪ። ከጎንደር የስሜን ፓርክ መግቢያ እስከሆነችው ደባርቅ ምን ያህል ይርቃል? ስካውት (የታጠቀ የፓርክ ጠባቂ) ግዴታ ነው? ሳንቃበር ካምፕ ሌሊቱ ይበርዳል? ጭላዳዎቹን አይቶ በዕለቱ መመለስ ይቻላል? እያንዳንዱ ጥያቄ ርእስ ይሁን፤ መልሱ ወዲያው ከሥሩ ይግባ፦ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ አዎን፣ ግዴታ ነው፤ ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ወፍራም ልብስ ያዙ፤ አዎን፣ ይቻላል። የደርሶ መልሱ ጉዞ ለብቻው ገጽ ይኑረው፣ ድንኳን የሚታደርበትም ለብቻው። «ስካውት ግዴታ ነው» የሚለውን ጽፈሽ ጠዋት የምታጠፊበት ምክንያት አይኖርሽም።

ሦስተኛ፣ ባለሙያ ከቀጠርሽ... እዚህ ላይ ንዴቴ ይቀድመኛል። አንድ ድርጅት ግማሽ ክፍያ ተቀብሎ ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት የሚሉ ገጾች ደረደረልኝ። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ፊት ለፊት በትልቁ ተጻፈ፤ ዋጋውና የመነሻው ሰዓት ግን ከፎቶዎቹ ሁሉ በታች ተቀበሩ። «ይህን ማን ያገኘዋል?» ብዬ ብጠይቀው የድርጅቱ ልጅ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ተራራውን ያስጎብኙ፣ ይህን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። ተውኩለት። «ጠዋት 12 ሰዓት» ያልኩትንም እንዳለ 12፡00 ብሎ በእንግሊዝኛ አወጣው። እንግዶቼ እኩለ ቀን ላይ ቦርሳቸውን አዝለው ወረዱ፤ እኔ ከንጋት ጀምሮ ሆቴሉ በር ላይ ነበርኩ። ተቀባይዋ «እንግዳ አይቀሰቀስም» ብላ ከልክላኛለች። የመኪናውም የስካውቱም የቀን ሒሳብ ከኪሴ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ራሴ ጻፍኩት። እንግሊዝኛዬ ኮልታፋ ነው፤ እስካሁን አንድም እንግዳ ሰዋስው አርሞልኝ አያውቅም። ይልቅ ዋጋውን አንብበው ስለሚመጡ ክርክር ቀርቶልኛል፤ የሚጠይቁኝ ዋልያ የት እንደሚታይ ነው።

ዛሬ የደርሶ መልሱን ጉዞ ብቻ ክፈቺ፣ ሌላው ይደርሳል። አድራሻውን እዚህ ለጥፊልኝ፤ ቢያንስ ሰዓቱን አያለሁ።