ፊልማችን ሲኒማ ቤት ሲገባ ለምን ተንቀራፈፈ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ያለውን አሞራ ገደልን ጨምሮ፣ በሴኮንድ በ25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የቀረጽነውን የ100 ደቂቃ ፊልም ለዓመቱ የፊልም ሽልማት ልናስገባ ነው። ላፕቶፕ ላይ ደህና የነበረው ፊልም ሲኒማ ቤት ለሙከራ ሲታይ ድምፁ ወፈረ፣ ርዝመቱም ጨመረ። ምን ነክቶት ነው? (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ በሴኮንድ በ25 ፍሬም የቀረጻችሁት ፊልም ወደ ሲኒማ ፋይል ማለትም ወደ ዲሲፒ ሲቀየር በ24 ፍሬም ተሠርቷል። 100 ደቂቃው 104 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ይሆናል፤ ድምፁም በ4 በመቶ ስለሚጎተት መሪ ተዋናይቷ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። በ25 መቅረጻችሁ ጥፋት አይደለም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት የሴኮንድ ክፍልፋይ) ሲቀረጽ የፍሎረሰንት መብራት አይርገበገብም። ዲሲፒውን የሚሠራው ባለሙያ ድምፁን ሲያረዝም እንዳይወፍር የቀድሞ ቅጥነቱን እንዲጠብቅ ንገሩት። በ25 ፍሬም የተሠራ ዲሲፒም አለ፤ አንዳንድ የቆዩ ሰርቨሮች (የሲኒማ ቤቱ ማጫወቻ ማሽኖች) ግን አያጫውቱትም።

የዚህ ርዝመት ባለ 2ኬ (የሲኒማ ምስል ጥራት ደረጃ) ዲሲፒ እስከ 200 ጊጋባይት ሊደርስ ስለሚችል 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ ይበቃል። ዲስኩ በኤክስት3 (በሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት) ፎርማት ይደረግ፤ ከሱቅ እንደመጣ ብትጠቀሙበት የሲኒማው ሰርቨር ላያነበው ይችላል። ሌብነት ፈርታችሁ ዲሲፒውን በዲጂታል ቁልፍ አትዝጉት። ቁልፉ የሚሠራው ለተወሰነ ቀንና ሰዓት ብቻ ነው፤ የዳኞች ዕይታ ወደ ሌላ ቀን ቢዘዋወር ፊልሙ አይከፈትም። ለዳኞች የላካችሁትን የኢንተርኔት ሊንክ የይለፍ ቃልም እስከ ውጤቱ ድረስ አትቀይሩ።

አሞራ ገደል አካባቢ የቀረጻችኋቸውን ትዕይንቶች በጆሮ ማዳመጫ ደግማችሁ ስሟቸው። ማይኩ የጸጉር ሽፋን ካልነበረው የሐይቁ ንፋስ ያጉረመርማል፣ ይህም በላፕቶፕ ስፒከር አይሰማም። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ ጉርምርምታውን ይቀንሳል፤ ንግግሩ ውስጥ ከገባ ግን ተዋንያኑን ስቱዲዮ አስገብቶ ማስደገም ነው። ሙዚቃ ደርቦ መሸፈን የሚወዱ አሉ። ዳኛ ይሰማዋል።

ለዕጩ ማስተዋወቂያ የሚላከው ቅንጭብ ከ15 ሴኮንድ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ተወዳዳሪዋ ራሷ ትናገርበት እንጂ ሌላው ሲናገር የምታዳምጥበት አይሁን። የቅጹና የፊልሙ መጨረሻ ስሞች ፊደላቸው ይመሳሰል፤ ዋንጫው ላይ የሚቀረጸው ቅጹ ላይ የጻፋችሁት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ዩቲዩብ ላይ የተለቀቀ ፊልም ለኦስካር ይቀርባል? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ መጀመሪያ የወጣው ዩቲዩብ ላይ ከሆነ በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ አይሆንም። መጀመሪያ ሲኒማ ቤት፣ በክፍያ፣ ቢያንስ 7 ተከታታይ ቀን መታየት አለበት፤ ከ40 ደቂቃ መብለጥና ከግማሽ በላይ ንግግሩ ከእንግሊዝኛ ውጭ መሆንም ግድ ነው። አንድ አገር የምታቀርበው አንድ ፊልም ብቻ ሲሆን መራጩም የአገሪቱ ኮሚቴ ነው።