ሲንክሮትሮን ሳላይ በፖስተር መሸለም እችላለሁ?

አብሽሪ እህቴ! ኮምቦልቻ ሆነሽ፣ ሲንክሮትሮን በዓይንሽ ሳታዪ ለፖስተር (ጥናትን በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለሚያሳይ ሥራ) ሽልማት መወዳደር ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። በደንብ ይቻላል። ሲንክሮትሮን ማለት ኤሌክትሮኖችን በትልቅ ቀለበት ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት እያዞረ ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማሽን ነው። አፍሪካ ምድር ላይ እኮ እስካሁን አንድም ሲንክሮትሮን የለም። ለኛ ቅርብ የሚባለው ዮርዳኖስ ያለው ሴሳሚ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ የቀለበቱ ዙሪያ 133 ሜትር ገደማ ነው።

ዳኞች በብዛት የሚያዩት ጥያቄሽ ጥርት ማለቱንና ፖስተሩ አጠገብ ቆመሽ እንዴት እንደምታስረጂ ነው። ስለዚህ ከደጅሽ ጀምሪ። ለምሳሌ በወሎ ጤፍ ውስጥ የሚገኘው ብረት የእህሉ የራሱ ነው ወይስ ከአውድማው አፈር የተቀላቀለ? የሲንክሮትሮን ኤክስሬይ ብረቱ ቅንጣቷ ላይ የት እንደተቀመጠ እንደ ካርታ ያሳያል። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ጽሑፍ ግን አታብዢ፤ አንድ ትልቅ ምስል መሃል ላይ ይበቃል። ረቂቁን ላኪልኝ፣ በደስታ አየዋለሁ።