ነርቭ እንዴት ያዝናል? ስለ ሲምፓቴቲክና ዘመዶቹ ቃላት ጥያቄና መልስ

ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰው መጀመሪያ ዋጋ ይጠይቀኛል። ቀጥሎ ወረቀቱን አዙሮ «ይሄ ቃል ምን ማለት ነው?» ይለኛል። እስኪ ስለ ሲምፓቴቲክ ነርቭ፣ ማለትም ሳናዘው ልብን፣ የደም ሥርንና ላብን ስለሚያዘው ነርቭ፣ ያልገባችሁን ቃል ሁሉ ጠይቁኝ አልኩ፤ የመጡት እነዚህ ናቸው። «ዶክተር» እያላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ፋርማሲስት ነኝ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ «ሲምፓቲ» በእንግሊዝኛ ሐዘኔታ አይደለም እንዴ? ነርቭ እንዴት ያዝናል?

መልስ፦ ለማንም አያዝንም። ቃሉ ግሪክ ነው። «ሲን» አብሮ፣ «ፓቶስ» ስሜት ወይም ሕመም፤ አብሮ መታመም እንደማለት። ጌሌንን የመሳሰሉ የጥንት ሐኪሞች አንዱ የአካል ክፍል ሲታመም ሌላውም አብሮት እንደሚታወክ ያምኑ ነበር። በ1732 ፓሪስ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው የአናቶሚ ሊቅ ዊንስሎ፣ ከአከርካሪ ግራና ቀኝ እንደ ሰንሰለት የሚወርደውን ነርቭ «ታላቁ ሲምፓቴቲክ» አለው። አካላትን የሚያስተዛዝን ገመድ መሆኑ ነው። ለእኛ ይህ ሐሳብ ሩቅ አይደለም። ስንራራ «አንጀቴን በላው»፣ ስንፈራ «ሐሞቴ ፈሰሰ» እንል የለ?

ጥያቄ፦ ፓራሲምፓቴቲክስ? ጠላቱ ነው?

መልስ፦ ጎረቤቱ ነው። «ፓራ» አጠገብ ማለት ነው። ስሙን በ1905 ያወጣው እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ላንግሊ ነው። ሁለቱንም የሚያቅፈውን «አውቶኖሚክ» የሚለውን ቃልም፣ ማለትም በራሱ የሚተዳደር፣ በ1898 ያመጣው እሱ ነው። ሲምፓቴቲኩ ነዳጅ፣ ፓራው ፍሬን ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ለልብ ያስኬዳል። ሆድ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ አንጀትን የሚያንቀሳቅሰው ፓራው፣ የሚያዘገየው ሲምፓቴቲኩ ነው። ምሳሌዋን ብዙም አልወዳትም።

ጥያቄ፦ ማታ ወደ ቤት ስገባ ውሻ አባረረኝ። ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ደረሰ፣ ጸጉሬ ቆመ። ይሄ የሕክምና ስም አለው?

መልስ፦ ለእያንዳንዱ አለው። የልብ መፍጠን ታኪካርዲያ ይባላል፤ «ታኪስ» ፈጣን፣ «ካርዲያ» ልብ። በጣም የዘገየው ብራዲካርዲያ ነው። የዓይን ብሌን መስፋት ሚድሪያሲስ። ጸጉር መቆሙ ደግሞ ፓይሎኢሬክሽን። ይቺ ጥርስ ትሰብራለች፤ «ጸጉሬ ቆመ» ይበቃን ነበር። ጠቅላላውን አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1915 ባሳተመው ሥራው «ግጠም ወይም ሽሽ» በሚለው ሐሳብ አስረድቶታል። ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል፣ ጉበት ስኳር ይለቃል፣ እግር ያመልጣል። ለመሆኑ ነከሰህ ወይስ አልነከሰህም?

ጥያቄ፦ ልጄ የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ መርፌ «ኤፒነፍሪን» ይላል። ሐኪሙ የነገረኝ ግን አድሬናሊን ነው። ተሳስታ ይሆን?

መልስ፦ አልተሳሳተችም፣ አንድ ነገር ነው። በላቲን «አድ» አጠገብ፣ «ሬን» ኩላሊት። በግሪክ «ኤፒ» በላይ፣ «ኔፍሮስ» ኩላሊት። ሁለቱም የሚሉት ኩላሊት አናት ላይ ቆብ መስላ የተቀመጠችውን ዕጢ ነው። ጃፓናዊው ኬሚስት ታካሚኔ በ1901 ከዚያች ዕጢ የሚወጣውን ሆርሞን አጣርቶ ማውጣቱን ሲያሳውቅ፣ ፓርክ ዴቪስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አድሬናሊን»ን የንግድ ስሙ አደረገው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ በሌላኛው ስም ቀጠሉ። ስሙ አያስጨንቅሽ፤ ይልቅ ማብቂያ ቀኑንና መጠኑን እዪ። 0.15 ሚሊግራምም 0.3 ሚሊግራምም አለ። የትኛው ለልጅሽ ክብደት እንደሚሆን ሐኪሙ ይንገርሽ።

ጥያቄ፦ ለግፊት የምወስደው «ቤታ ብሎከር» ነው አሉኝ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ፊደል ቆጠራው አይገባኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ቀላል ነው። አድሬናሊን ሰውነት ውስጥ የሚያንኳኳቸው በሮች አሉ። አሜሪካዊው አልኲስት በ1948 በሮቹን አልፋና ቤታ ብሎ ለያቸው። ብሎከር በሩን የሚዘጋ ነው። ተማሪ ሳለን «አንድ ልብ፣ ሁለት ሳንባ» ብለን እንሸመድድ ነበር፤ በዋነኛነት ቤታ አንድ ልብ ላይ፣ ቤታ ሁለት የአየር ቧንቧ ላይ ነው። የመድኃኒትዎ ስም በ«ሎል» የሚያልቅ ይሆናል፤ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎል። ፓናዶል ግን በ«ዶል» ነው የሚያልቀው፣ ዘመድ አይደለም።

አንድ ጊዜ አንድ ሰው የፕሮፕራኖሎል ማዘዣ ይዞ መጣ። ገንዘብ ሊያወጣ ሲጎነበስ ከሸሚዙ ኪስ የአስም ፓፍ ወደቀ። ፓፉ ቤታ ሁለትን ይከፍታል፣ ክኒኑ ይዘጋል። ወደ ሐኪሙ መለስኩት። እርስዎም አስም ካለብዎ ይናገሩ። ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አያቁሙት፤ ልብ ይደነግጣል።

ጥያቄ፦ ምርቃናስ ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ ነዋ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከነርቭ ጫፍ ኖርአድሬናሊንና ዶፓሚን የሚባሉ የነርቭ መልእክተኛ ኬሚካሎችን ያስለቅቃል። እንዲህ ያለውን ነገር ሲምፓቶሚሜቲክ እንለዋለን፤ የሲምፓቴቲክ ኮራጅ ማለት ነው። ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ውሻ ሳያባርርህ የተባረርክ ያህል ነው። ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ ይዳከማል። ጫት በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በፍጥነት የሚጓዘው ወዶ አይደለም። ከበርጫ ተነስተህ ግፊት ልትለካ አትሂድ። ከሄድክም ለለካህ ሰው አትደብቅ።

ጥያቄ፦ ጋንግሊዮን?

መልስ፦ የነርቭ ሴሎች የተሰባሰቡበት እብጥ ያለ ቦታ። ያ ሰንሰለት ያልኳችሁ የጋንግሊዮን ሰንሰለት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ወገቧን ባመማት ቁጥር «ነርቭ ነው» ትላለች። ይሄው ነርቭ ነው?

መልስ፦ አይደለም። እኛ ለወገቡም፣ ለእግሩም፣ ለንዴቱም ነርቭ ነው እንላለን። ሲምፓቴቲኩ ልብን፣ የደም ሥርን፣ ላብን የሚያዝ ነው። እናትሽ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «ነርቭ» ከማለት፣ ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይደነዝዘኛል ቢሉ በቶሎ ይገባባሉ።

ጥያቄ፦ የውሻው ሰውዬ ነኝ። ትንሽ ጫር አድርጎኛል፣ ግን የጎረቤት ውሻ ነው።

መልስ፦ የጎረቤትም ይሁን። አሁኑኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠበው። ከዚያ ቀጥታ ጤና ጣቢያ፣ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቅ።