ቤት ሰሪዎች ጠይቁ፦ ጥቁር አፈር፣ የግቢ ቡናና ከላይ የሚመጣ ጎርፍ

ክረምቱ ወጣ፣ ሰዉ ሁሉ የሲሚንቶ ዋጋ መጠየቅ ጀምሯል መሰለኝ የዚ ወር ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ቤት ግንባታ ናቸው፣ ሁሉም ደሞ ከጅማ። ረጃጅሞቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። መምህር ነኝ፣ ጅማ ወደ ቦዬ በኩል 200 ካሬ ቦታ አለኝ፣ ሜዳ ነው፣ አፈሩ ጥቁር። የማሰራው ፎቅ የሌለው ቪላ ነው። ግንበኛው «አንድ ሜትር እንቆፍርና ድንጋይ እንሞላለን፣ ከዛ በላዩ ላይ መገንባት ነው፣ በቃ» ይለኛል። እዛው ሰፈር ያለ ጎረቤቴ ግን ቤቱ ሁለት አመት ሳይሞላው ተሰነጠቀበት። ምን ይሻለኛል? ደሞ ብሬ የሚሞላው ሚያዝያ አካባቢ ነው፣ ያኔ ብጀምር ችግር አለው?

መልስ፦ መምህር፣ መጀመሪያ ጎረቤትህ ጋ ሄደህ ቡና ጠጣና ስንጥቁን በደንብ እየው። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ፣ ክረምትና በጋ ስፋቱ የሚቀያየር ከሆነ፣ በሩም ሐምሌ ላይ አልዘጋ ብሎ ጥር ላይ ደህና የሚሆን ከሆነ ግንበኛውን አትማው፣ አፈሩ ነው። መረሬ፣ ማለትም ይሄ ጥቁሩ አፈር፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቤቱን በየአመቱ እያነሳ ያስቀምጠዋል ማለት ነው፣ ያውም እኩል ቢያነሳው ጥሩ ነበር፣ አንዱን ጥግ አንስቶ ሌላውን ይተወዋል። የራስህን ቦታ ለማወቅ ደሞ ላብራቶሪ ሳትሄድ በፊት በጋ ላይ መሬቱን እይ፣ እጅህን የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ መልሱን አግኝተሀል።

ግንበኛህ መቆፈር አለበት ማለቱ ልክ ነው፣ ድንጋዩ ላይ ነው የማልስማማው። መረሬ ውስጥ አንድ ሜትር ቆፍሮ ድንጋይ መሙላት ገንዳ መስራት ነው። ዙሪያው ውሃ የማያሳልፍ ጭቃ፣ ውስጡ ክፍተት የበዛበት ድንጋይ፣ የዝናቡ ውሃ ገብቶ እዛው ይተኛና ከስር ያለውን ጥቁር አፈር ሲያሳብጠው ይከርማል። ቀይ አሽም (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ብትሞላበት ያው ነው።

ስለዚ ኮንትራት ሳትፈርም በፊት ቦታው ላይ በሁለት ጥግ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍር፣ እስከ ሁለት ሁለት ተኩል ሜትር፣ ግን ዝናብ ከጣለ በኋላ ሰው ውስጥ እንዳይገባ፣ የወጣውንም አፈር አፋፉ ላይ እንዳይከምሩት፣ መረሬ ሳይታሰብ ይናዳል። ጥቁሩ አልቆ ጠንካራ መሬት ከተገኘ ጥሩ፣ ጥቁሩን ጠርገህ ታወጣና ሰሌክት ማቴሪያል (ውሃ ሲነካው የማያብጥ የተመረጠ የሙሌት አፈር) በየ20 ሳንቲ እያነጠፍክ፣ መጠነኛ ውሃ እያጠጣህ፣ በኮምፓክተር እያስጠቀጠቅክ ትመጣለህ። አንዴ ሁሉንም ገልብጦ ከላይ ከላይ መምታት ዋጋ የለውም፣ ፎርማኑ በዚ ነው ብዙ ጊዜ የሚያታልልህ፣ ስለዚ ሙሌት የሚሞላ ቀን ስራ አስፈቅደህም ቢሆን ሳይት ላይ ተገኝ። ጥቁሩ ካላለቀ ግን ቁፋሮውን ዝም ብለህ አትቀጥል፣ መሀንዲስ ይምጣና ፉቲንግ (ከኮለሙ ስር የሚያርፍ ሰፊ ኮንክሪት) እና ግሬድ ቢም (ኮለሞቹን ከታች የሚያያይዝ አግድም ኮንክሪት) ያለው መሰረት ይስራልህ፣ ብር ይጨምራል አዎ፣ ግን ተሰንጥቆ ማስጠገን ይብሳል። ወለሉንም እንዳትረሳ፣ ኮለሙ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሴራሚኩ መሀል ክፍል ላይ የሚያብጥበት ቤት ሞልቷል፣ ከወለሉ ስር ያለው ጥቁር ስላልወጣ ነው።

ሚያዝያን በተመለከተ፣ እባክህ ተው። አዲሳባ ያደገ ሰው ዝናብ ሰኔ ላይ ይመስለዋል፣ ጅማ ግን መጋቢት ላይ ይጀምራታል፣ በአመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ የሚጥልበት ከተማ ነው። ሚያዝያ ላይ የተቆፈረ መሰረት ውሃ ይሞላል፣ ጠርዙ ይናዳል፣ ፓምፕ ተከራይተህ ስታስቀዳ ብርህ ያልቃል። ያለህ ብር ለመሰረት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት መሰረቱን፣ ሙሌቱንና ግሬድ ቢሙን ጨርስና የፌሮው ጫፍ ላይ ላስቲክ አስረህ አክርመው፣ ግድግዳው ለሚቀጥለው በጋ ይደርሳል። ኮንክሪቱን ደሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጣው፣ በጋ ላይ ነውና የምትሞላው ቶሎ ይደርቃል።

ቤቱ ካለቀ በኋላ ውሃ ከግድግዳው ስር እንዳይጠጋ ማድረግ ነው ዋናው። ዙሪያውን አንድ ሜትር ስፋት ያለው ሊሾ አድርግ፣ ወደ ውጪ ወደ 5 ሳንቲ ዘቅዘቅ ይበል፣ ከዛ ቦይ። አሸንዳ ሳይገጠም ቤት እንዳትገባ። ክዳኑም ከግድግዳው 80 ሳንቲ ያህል ወጣ ይበል፣ አሁን አሁን ግድግዳው ላይ ተቆርጦ የሚቀር ጣሪያ ፋሽን ሆኗል፣ ለጅማ ዝናብ አልገባኝም እኔ። የጅሬኑን የአባ ጅፋር ቤተመንግስት ሂዱና እዩት፣ ያ ሁሉ በረንዳ ለጌጥ ብቻ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደሞ፣ ቦዬ ረግረግ አካባቢ ስለሆነ ቦታህ ካርታው ላይ ለመኖሪያ የተመደበ መሆኑንና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥበት መሆኑን ማዘጋጃ ቤት ሄደህ አረጋግጥ፣ ይሄን ከቁፋሮው በፊት።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ጅማ ወደ ጅሬን መውጫ ነው ግቢዬ፣ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ ቀይ። ልጆቼ አሮጌውን የጭቃ ቤት አፍርሰው ብሎኬት ሊሰሩልኝ ነው። ግቢው ውስጥ ወደ ሀያ እግር ያረጀ ቡና፣ አንድ ትልቅ ብርብራና አንድ ዋንዛ አለ። ኮንትራክተሩ ሁሉም በዶዘር ይጠረግና በኋላ ሳር እንተክላለን አለ። ቡናውን አባቴ ናቸው የተከሉት፣ ልቤ አልፈቀደም።

መልስ፦ እማማ፣ ልብዎ ትክክል ነው፣ ዶዘሩ በጭራሽ እንዳይገባ። ጥላ ዛፍ አሳድጎ ለዚ ለማድረስ ስንት አመት ይፈጃል፣ ተዳፋት ላይ ደሞ አፈሩን ይዘው ያሉት እነሱ ናቸው፣ ከተነሱ ቀዩ አፈር በአንድ ክረምት ቁልቁል ነው።

ብርብራውና ዋንዛው ከአዲሱ ቤት አምስት ስድስት ሜትር የሚርቁ ከሆነ ይቆዩ፣ ወደ ጣሪያው የዘመመ ቅርንጫፍ ብቻ በበጋ ይቆረጥ፣ ቅጠል አሸንዳ ይደፍናል። ቤቱ የግድ ዋንዛው ያለበት ቦታ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ደሞ መቁረጥ የሚቻል መሆኑን ቀበሌ ይጠይቁና፣ ከተፈቀደ ግንዱን ለማገዶ አይስጡት፣ አናጢ ያሰንጥቀውና ጥላ ስር ይድረቅ፣ በር ይሆንልዎታል።

ቡናውን በተመለከተ እንዲያውም ጊዜው ተመቸዎት። ቤቱ ከሚያርፍበት ውጪ ያለውን ሁሉ ያስጎንድሉት። ዘንድሮ ፍሬውን ይልቀሙ፣ ከዛ ጥርና የካቲት ላይ ግንዱ ከመሬት 30 እስከ 40 ሳንቲ ከፍ ብሎ በስለታም መጋዝ ይቆረጣል፣ ቁራጩ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሰያፍ ይሁን፣ ዝናቡ እንዲንሸራተት ነው፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ያቁርና ግንዱ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲጀምር ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፣ ያኔ አንጀትዎን ጨክነው ሁለት ወይ ሦስት ጠንካራውን ብቻ ያስቀሩና ሌላውን ያንሱት። በሁለት ሦስት አመት ውስጥ ተመልሶ ያፈራል፣ ልጆችዎ ቤቱን ጨርሰው ቀለም እየቀቡ እርስዎ የአባትዎን ቡና ይቆላሉ።

ግን ጉቶውን ከሰራተኛ መጠበቅ አለበት። ዙሪያውን እንጨት ተክለው ገመድ ያስሩበት። ሲሚንቶ የተቦካበትን ባሬላ ማጠቢያ ውሃ እዛ ላይ እንዳይደፉ፣ ቡና ኮምጠጥ ያለ አፈር ነው የሚወደው፣ ሲሚንቶ ተቃራኒው ነው። ከመሰረት የወጣውንም አፈር ግንዱ ላይ እንዳይከምሩ፣ ዛፍ አንገቱ ድረስ ከተቀበረ ቀስ ብሎ ይሞታል። ቁፋሮ ሳይጀመር ደሞ ከላይ ያለችውን 20 ሳንቲ ጥቁርማ ለም አፈር ለብቻ ያስከምሯት፣ በኋላ ጎመን የሚያበቅለው እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን መኪና ላይ አስጭኖ ያስደፋውና በኋላ አፈር ይገዛል።

ከታች በኩል ባለው አጥር ላይ ቬቲቨር ሳር በመስመር ያስተክሉ፣ ሰኔ ላይ፣ ተዳፋቱን አቋርጦ፣ በ15 ሳንቲ ርቀት። ስሩ ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ሦስት ሜትር ድረስ ይወርዳል፣ ቡናውን አይሻማም።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ ቤታችን አልቋል ግን ከላይ ካለው ግቢ ጎርፍ ይመጣብናል፣ ግቢው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ሙሉውን ኮብል ብናስነጥፈውስ? ባህርዛፍስ አጥሩ ስር ብንተክል ውሃውን አይመጥልንም?

መልስ፦ እህቴ፣ ባህርዛፉን እርሺው፣ ከአጥርና ከቤት ጋር አይስማማም፣ ክረምት ላይ ደሞ ጎርፉን አያቆምልሽም። ኮብሉም ሙሉ በሙሉ ከሆነ ያንቺን ጎርፍ ወደ ታችኛው ጎረቤት ነው የሚያሻግረው፣ ከዛ እሱ ደሞ በሌላ ወር ይጽፍልኛል። መኪና የሚገባበትንና የእግር መንገዱን ብቻ አንጥፊ፣ ሌላው ሰርዶ ይሁን፣ ነጻ ነው፣ ከየትም ነቅለሽ ትተክይዋለሽ።

የላይኛውን ውሃ ግቢሽ ከመግባቱ በፊት አጥሩ ጥግ ላይ በቦይ ያዢውና ቤቱን በጎን አዙረሽ ወደ መንገዱ ዲች አውጪው፣ በግቢው መሀል አታሳልፊው። ጎረቤትሽንም አነጋግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የጣሪያው ውሃ ነው፣ አሸንዳ ስለሌለው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 2,000 ሊትር ነው፣ በአንድ ከሰዓት። እሱም አንቺም አሸንዳውን ሮቶ ውስጥ ብታስገቡት ቧንቧ የሚጠፋበት ቀን ልብስ ታጥቡበታላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ውሃ ግን አሳልፊው፣ የጣሪያ አቧራና የወፍ ኩስ ነው።

ጥያቄ፦ ቆርቆሮ 32 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ልግዛ?

መልስ፦ ለአጥር ይሆናል። ለቤት 28 ግዛ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ውፍረቱ የሚጨምረው፣ ሻጩ ተገላብጦ እንዳይነግርህ።