ትንሽ እጅ፣ ወፍራም እጀታ፦ ለሱሉልታዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂያችን ከሱሉልታ ዳርቻ በጻፉልን ደብዳቤ፣ በግቢያቸው ዶሮ እንደሚያረቡና ፈቃድ ያወጡበት ባለ 15 ጎራሽ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ እንዳላቸው ገልጸዋል። በኢላማ መተኮሻ ቦታ ሲለማመዱ የመጀመሪያው ጥይት ዘወትር ወደ ግራና ወደ ታች ይሄዳል፤ ተከታዮቹ ግን ወደ መሃል ይቀርባሉ። ሻጩ ልምምድ እንደሚያንሳቸው ነግሯቸዋል፣ ወንድማቸው ደግሞ በትንሽና ቀላል ሽጉጥ እንዲለውጡት መክረዋቸዋል። በተጨማሪም ለልምምድና ለአይጥ ማባረሪያ ከዘመድ ተውሰው የሞከሩት ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አልመች ብሏቸዋል፤ ጉልበቱም በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ያነሰ መስሏቸዋል። የትኛውን ሽጉጥ፣ የትኛውንስ የአየር ጠመንጃ ልምረጥ የሚል ነው ጥያቄያቸው።

እህቴ፣ የልምምድ ማነስ ዋናው ምክንያት ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ የልምምድ ቢሆን ኖሮ ጥይቶቹ ሁሉ በየአቅጣጫው ይበታተኑ ነበር። እርስዎ ግን የመጀመሪያው ብቻ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን እንደሚሄድ በጥንቃቄ አስተውለዋል፣ ይህ አስተውሎትዎም ሥራዬን በእጅጉ አቅልሎልኛል። በእርስዎ ዓይነት ሽጉጥ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ቃታው በአንድ ስበት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መዶሻውን ወደ ኋላ ያስነሣዋል፣ ከዚያም ይለቀዋል። ለዚህ ስበት ብዙውን ጊዜ ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ግራም የሚደርስ ኃይል ያስፈልጋል፤ ቃታውም ከእጀታው ርቆ ወደ ፊት ይቆማል። የመጀመሪያው ጥይት ከወጣ በኋላ የሽጉጡ የላይኛው ክፍል ወደ ኋላ ሲንሸራተት መዶሻውን ራሱ ስለሚያስነሣው፣ ቃታው ወደ እጀታው ይጠጋል፣ ስበቱም ወደ 2 ኪሎ ግራም ገደማ ይቀንሳል። በ15 ጎራሽ ሽጉጥ ላይ ደግሞ ጥይቶቹ በካዝናው ውስጥ በሁለት ረድፍ ተፈራርቀው ስለሚደረደሩ እጀታው ይወፍራል። አጭር ጣት ያለው ሰው ይህን ወፍራም እጀታ ዞሮ ወደ ፊት ወደ ራቀው ቃታ ሲዘረጋ የሚደርሰው የጣቱ ጫፍ ብቻ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተኳሽ በጣቱ ጫፍ ከባድ ቃታ ሲስብ፣ ቃታውን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ በመሳብ ፈንታ ሽጉጡን በጎን ወደ ግራ ይገፋዋል። የቀሩት ጣቶች አብረው ሲጨብጡ ደግሞ አፈሙዙ ወደ ታች ያዘነብላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥይት ወደ መሃል የሚቀርቡት ቃታው ወደ ጣትዎ ስለመጣልዎ ነው።

ይህ ግምት ትክክል መሆኑን በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ማረጋገጥ ይችላሉ። በኢላማ መተኮሻው ቦታ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደዞረና ጣትዎ ከቃታው እንደራቀ፣ መዶሻውን በአውራ ጣትዎ አስነሥተው የመጀመሪያውን ጥይት ይተኩሱ። ይህንም ካዝናውን እየለወጡ ይደጋግሙት። የመጀመሪያው ጥይት ከሌሎቹ ጋር አንድ ቦታ ካረፈ፣ ጥፋቱ የእጀታውና የቃታው ርቀት ነው። ያም ሆኖ ወደ ግራና ወደ ታች መሄዱን ከቀጠለ፣ ድምፁንና ግፊቱን አስቀድሞ በመጠበቅ እጅ የመጨበጥ ልማድ አለ ማለት ነው፤ የዚያ መድኃኒቱ በእርግጥም ልምምድ ነው። ሽጉጡን እንደተነሣ መዶሻ ይዞ መንቀሳቀስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ፍተሻው በተኩስ ቦታው ላይ ብቻ የሚደረግ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። የሞፈርና የእርፍ ልክ በአራሹ ቁመት እንደሚወሰን ሁሉ የሽጉጥም ልክ የሚወሰነው በያዡ እጅ ነው፤ ስለዚህ የሽጉጡን ስምና ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት እጅዎን ይዘው ይሂዱ። ሻጩ ካዝናውን አውጥቶ፣ የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስቦ ጥይት አለመጉረሱን እርሱም እርስዎም በዓይንና በጣት ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ በአውራ ጣትዎና በጠቋሚ ጣትዎ መካከል ያለውን መገናኛ በእጀታው ጀርባ ላይ የቻሉትን ያህል ከፍ አድርገው ይያዙ። ከዚያ ክንድዎን ሲመለከቱ አፈሙዙ ከክንድዎ አጥንት ጋር ቀጥታ መስመር መሥራት አለበት። መያዣውን ሳያዞሩ የጠቋሚ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ለስላሳ ክፍል በቃታው መሃል ላይ ካረፈ ሽጉጡ ይመጥንዎታል። ጣትዎ እንዲደርስ ሲሉ እጀታውን ወደ ቀኝ ማዞር ካስፈለገዎት ግን ሽጉጡ ለእርስዎ አልተሠራም። በዚያ አያያዝ ግፊቱ የሚያርፈው በመዳፍዎ ላይ ሳይሆን በአውራ ጣትዎ አንጓ ላይ ነው፤ ሲውል ሲያድር አንጓው ይታመማል። ይህን ፍተሻ ሲያደርጉ ቃታው ወደ ፊት እንደቆመ፣ ማለትም በመጀመሪያው ጥይት ቦታ ላይ እንዳለ መሆን አለበት፤ መዶሻው ተነሥቶ የተሞከረ ሽጉጥ ሁሉ ለትንሽ እጅ የሚመች ይመስላል። ብዙ ገዢ የሚታለለው በዚህ ነው።

ወንድምዎ የሰጡዎት ምክር ከፍቅር የመጣ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ትንሽ እጅ ትንሽ ሽጉጥ ይሻል የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ሙያ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚጎዳው ነው። በአንድ ዓይነት ጥይት፣ ቀላል ሽጉጥ ከከባድ ሽጉጥ የበለጠ ይራገጣል። አጭር እጀታ ትንሿን ጣት አየር ላይ ያስቀራታል። አጭር አፈሙዝም በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለውን ርቀት ስለሚያሳጥረው ትንሿ የእጅ ስሕተት ኢላማው ላይ ትልቅ ሆና ትታያለች። ለእርስዎ የሚያስፈልገው ርዝመቱና ክብደቱ መካከለኛ የሆነ፣ እጀታው ግን ቀጭን የሆነ ሽጉጥ ነው።

በአገራችን በብዛት የሚታወቀውን ማካሮቭን ብንወስድ፣ ባለ 8 ጎራሽ በመሆኑ ጥይቱ በአንድ ረድፍ ይደረደራል፣ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ እጀታውንም ከኋላ የሚጠቀልለው አንድ ወጥ ሽፋን በአንዲት ብሎን ስለታሰረ ቀጠን ባለ ሽፋን መለወጥ ይቻላል። ሆኖም በሶቪየት ኅብረት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ላይ የዋለው ይህ ሽጉጥ የላይኛውን ክፍል የሚገታው በጠንካራ ሞላ ብቻ ስለሆነ ማቀባበሉ ጉልበት ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ስበቱም እንደ አሁኑ ሽጉጥዎ ከባድ ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ሲሆን ብዙ የአውሮፓ ሽጉጦች የሚጎርሱት 9 በ19 ነው፤ ሁለቱም "9 ሚሊ" ስለሚባሉ ሲገዙ እንዳይቀላቀሉብዎ ይጠንቀቁ። በሌላ በኩል ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጣው የግሎክ ሽጉጥ አራተኛ ትውልድ በእጀታው ጀርባ ላይ የሚገጠሙ ተለዋጭ ሽፋኖች አሉት። ከእጀታው ጀርባ እስከ ቃታው ያለው ርቀት ያለ ሽፋን ሲያዝ ከሁሉ የሚያጥር ሲሆን መካከለኛው 2 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 4 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። ቃታውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥይት ድረስ አንድ ዓይነት፣ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ ስበት አለው። የመጀመሪያው ጥይት ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁለቱን አንድ ቀን አስከትለው በእጅዎ ቢይዟቸው፣ እጅዎ ከእኔ ጽሑፍ የተሻለ ይመልስልዎታል፤ እኔ ግን ባሉት ምልክቶች መነሻነት የማዘነብለው ወደ ሁለተኛው ዓይነት ነው።

ማቀባበል ካስቸገረዎ ጉልበትዎን አይውቀሱ። የላይኛውን ክፍል በሁለት ጣት ቆንጥጠው ከመጎተት ይልቅ፣ ሽጉጡን ወደ ደረትዎ አቅርበው፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞሩ፣ የላይኛውን ክፍል በግራ መዳፍዎ ሙሉ ጨብጠው በቀኝ እጅዎ እጀታውን ወደ ፊት ይግፉት። ሽጉጥ መለወጥ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ፣ አሁን ያለዎትን ለማንም ከማስተላለፍዎና አዲሱን ከመረከብዎ በፊት ወደ ፈቃድ ሰጪው አካል ይሂዱ።

የአየር ጠመንጃውን በተመለከተ፣ ስለ ጉልበቱ የጠረጠሩት እውነት ነው፤ ጠመንጃው ግን የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በካርቶን ላይ የሚጻፈው ፍጥነት ለባሕር ጠለል የቀረበ አየር ባለበት አገር የተለካ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ባለ ሞላው ጠመንጃ ጥይቱን የሚገፋው በሲሊንደሩ ውስጥ የገባውን የአካባቢ አየር ጨምቆ በመሆኑ፣ የሚጨመቀው አየር ሲያንስ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው ግን ፒስተኑን የሚያበርደው የአየር ትራስ ስለሚሳሳ ፒስተኑ የሲሊንደሩን ጫፍ በኃይል ይመታል፤ ሞላውም ጎሚኒውም ቶሎ ያልቃሉ። ስለዚህ በጣም ቀላል ጥይት አይጠቀሙ፤ በ4.5 ሚሊ ሜትር ግማሽ ግራም የሚመዝን የእርሳስ ጥይት ወይም ትንሽ ከበድ ያለው ይሻላል። ባዶውንም ቢሆን አይተኩሱት። የሱሉልታ ሳስ ያለ አየር አንድ ውለታ አለው፤ ከአፈሙዙ የወጣ ጥይት የሚገታው አየር ስለሚያንስ ፍጥነቱን ቀስ እያለ ነው የሚያጣው።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራውን ዓይነት ለእርስዎ አካባቢ አልመክርም። የዚህ ጋዝ ግፊት በሙቀት ላይ የተመሠረተ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 57 ባር ገደማ የሆነው ግፊት በ5 ዲግሪ ወደ 40 ባር ይወርዳል፤ በሱሉልታ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ደግሞ እንዲህ ያለ ብርድ አዲስ ነገር አይደለም። አየሩን በቋት ውስጥ አስቀድሞ ጨምቆ የሚይዘው ዓይነት ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም፣ ሲተኩስም ብዙ አይራገጥም፤ ነገር ግን በእጅ ፓምፕ መሙላቱ በሳሳ አየር ውስጥ ተጨማሪ ድካም ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስለዚህ መካከለኛ ጉልበት ያለው ባለ ሞላ ጠመንጃ ይበቃዎታል። ሲወጠር ከ10 እስከ 13 ኪሎ ግራም ኃይል የሚጠይቀውን ይምረጡ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላ ክንድዎን አድክሞ ኢላማዎን ያበላሻል።

ትከሻዎ ላይ ያለመመቸቱ ምክንያት የሰደፉ ርዝመት ይመስለኛል። የአብዛኞቹ ጠመንጃዎች ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ለረጅም ወንድ የታሰበ ሲሆን 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ክርንዎን በቀጥተኛ ማዕዘን አጥፈው የሰደፉን ጫፍ በክርንዎ መታጠፊያ ውስጥ ሲያስገቡ የጠቋሚ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ማረፍ አለበት። ይህ መነሻ ልኬት ብቻ ነው። ትክክለኛው ፈተና ዓይንዎን ጨፍነው ጠመንጃውን ወደ ትከሻዎ ማንሣትና ጉንጭዎን ሰደፉ ላይ ማሳረፍ ነው፤ ዓይንዎን ሲገልጡ ማነጣጠሪያው አንገትዎን ሳያንቀሳቅሱ ፊት ለፊትዎ መገኘት አለበት። ከመጠን በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከታየዎ ችግሩ የርዝመት ሳይሆን የጉንጭ ማሳረፊያው ከፍታ ነው፤ እርሱ በወፍራም ቆዳ ሊስተካከል ይችላል። ሲተኩሱም የፊቱን እንጨት አይጨብጡት፤ በተከፈተ መዳፍ ላይ ያሳርፉት። ባለ ሞላ ጠመንጃ ጥይቱ ገና ከአፈሙዙ ሳይወጣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ስለሚራገጥ፣ በኃይል የተያዘ ጊዜ ኢላማውን ይስታል።

ለኢላማ ልምምድ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ለአይጥ 5.5 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ የኦሊምፒክ የአየር ጠመንጃ ርቀት 10 ሜትር ስለሆነ ግቢዎ ይበቃል። ዶሮ ቤቱ በቆርቆሮ የተከበበ ከሆነ ግን ወደ ቆርቆሮውና ወደ ድንጋዩ በፍጹም አይተኩሱ፤ የእርሳስ ጥይት ነጥሮ ይመለሳል፣ አጥር አልፎም ጎረቤት ይደርሳል። ከኢላማው በስተኋላ አሸዋ የሞላበት ጆንያ ይደርድሩ። አይጡን በሚመለከት፣ መኖውን ክዳን ባለው በርሜል ማስቀመጥ ከየትኛውም ጠመንጃ ይበልጥ ይሠራል።

ሰደፉ ረዝሞ ከተገኘና ማሳጠር ካስፈለገ፣ መጀመሪያ የሰደፉን ጫፍ ጎሚኒ አውልቀው ያለ እርሱ ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ያ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ እንጨቱን በአንድ ጊዜ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አያስቆርጡ፤ ከቆረጡ በኋላም ወፍራሙን የክረምት ልብስ ለብሰው እንደገና ይለኩት፣ ጋቢና ካፖርት የሚጨምሩት ውፍረት ከሰደፉ ርዝመት ጋር አብሮ የሚቆጠር ነውና።