ዝም ያለው ረዳት ውሸታም ነው?

ጥያቄ፦ ቡራዩ ታክሲ ተራ ላይ ቆመን ጓደኛዬ እንቆቅልሽ ጠየቀኝ። ሦስት ረዳቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወይ ሁልጊዜ እውነት ወይ ሁልጊዜ ውሸት ይናገራሉ። አበበ «በቀለ ውሸታም ነው» አለ። በቀለ «አበበና ጫላ አንድ ዓይነት ናቸው» አለ። ጫላ ዝም። ጫላ የቱ ነው? የአበበን ማንነት ማወቅ ስላቃተኝ «ጥያቄው ጎዶሎ ነው» አልኩት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ጎዶሎስ አይደለም፤ የተጠየቁት ስለ ጫላ ብቻ ነው። ወረቀት ይያዙና አበበን በሁለት በኩል ይሞክሩት። እውነተኛ ነው እንበል፤ በቀለ ውሸታም ሆነ፣ ስለዚህ አበበና ጫላ ይለያያሉ፣ ጫላ ውሸታም ነው። አሁን ደግሞ አበበን ውሸታም ያድርጉት፤ በቀለ እውነተኛ ይሆናል፣ ጫላም እንደ አበበ ውሸታም። በየትም ቢዞሩ ጫላ አያመልጥም። አበበን ግን ከዚህ ንግግር ማንም ሊለየው አይችልም፤ ብዙ ሰው ጊዜውን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ነው።

ሌላው ወጥመድ ግልበጣው ነው፤ ማለትም የውሸታምን ንግግር ገልብጦ እውነቱን ማውጣት። ከሁለት ረዳቶች አንዱ «ሁለታችንም ውሸታሞች ነን» ቢል፣ እውነተኛ ሰው ይህን ስለማይል ተናጋሪው ውሸታም ነው። ተቃራኒው ግን «ሁለታችንም እውነተኞች ነን» አይደለም፤ «ቢያንስ አንዳችን እውነተኛ ነው» ነው። ተናጋሪው ውሸታም ስለሆነ እውነተኛው ሌላው ረዳት ነው።

ጓደኛዎ የመንታ መንገዱን እንቆቅልሽ ካመጣብዎ (ማምጣቱ አይቀርም)፣ ማለትም መንታ መንገድ ላይ እውነተኛ ይሁን ውሸታም የማያውቁትን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው ትክክለኛውን መንገድ ይለዩ ካለዎት፣ አንዱን መንገድ እያሳዩ «ይህ ወደ ሆለታ ይወስዳል ወይ ብልህ፣ አዎ ትለኝ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ውሸታሙ በገዛ ውሸቱ ላይ ስለሚዋሽ መልሱ እውነት ሆኖ ይወጣል።