መጀመሪያ ክለቡን፣ ከዚያ ጀልባውን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ፣ አናፖሊስ አካባቢ ነው። እኔና ባለቤቴ የሸራ ጀልባ ተለማምደናል፤ አሁን ያገለገለ ካታማራን (ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቀፎዎች ያሉት ጀልባ) ገዝተን መወዳደር አምሮናል። ሆቢ 16 ይሻላል ወይስ ናክራ 17? ክለብስ እንዴት እናግኝ?

መልስ፦ ነገሩን ገልብጣችሁታል! መጀመሪያ ክለብ ፈልጉ፤ እዚያ ብዙዎቹ የሚወዳደሩበትን ጀልባ ግዙ። ለብቻችሁ ልዩ ጀልባ ይዛችሁ ብትመጡ ከማን ጋር ልትሽቀዳደሙ ነው? ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር በውድድር ቀን ብቅ በሉና "ሰው ጎድሎባችኋል?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ የቀረ ሰው አይጠፋም።

ናክራ 17 እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ወንድና ሴት አብረው በኦሎምፒክ የሚወዳደሩበት ነው፤ አሁን ደግሞ ከሥሩ ባሉት ክንፎች ከውሃው ተነስቶ ስለሚበር ለናንተ ይቆይ። ሆቢ 16 ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ነው። ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሥሩ ወደ ውሃው የሚወርድ ሰሌዳ የለውም፣ አሸዋ ላይ ዝም ብሎ ይወጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሁለቱን ቀፎዎች የላይኛውን ገጽ፣ በተለይ ከምሰሶው ፊት ለፊት ያለውን፣ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት፤ እንደ ስፖንጅ ከገባ የቀፎው ንብርብሮች ከውስጥ ተላቀዋል ማለት ነውና ሻጩ ቢምልም ትታችሁት ሂዱ።